ሁሉም ዳይኖሰር አይደለም፦ የጥንት ተሳቢ እንስሳትን በአጥንታቸው የመለየትና የመመደብ መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ያችን ፌስታል ያውቃታል። በውስጧ የታጨቁት የፕላስቲክ እንስሳት በጅምላ «ዳይኖሰር» ተብለው ይሸጣሉ። አንዱን አውጥታችሁ ተመልከቱት፤ ጀርባው ላይ ሸራ የመሰለ ነገር የቆመለት፣ በአራት እግሩ የሚሄድ፣ ጥርሰ ብዙ ነው። ስሙ ዲሜትሮዶን ይባላል። ዳይኖሰር አይደለም፤ እንዲያውም ከዳይኖሰር ይልቅ ለበግና ለሰው ይቀርባል። ክንፉን የዘረጋውም ዳይኖሰር አይደለም። እግሩ መቅዘፊያ የሆነው ባለ ረጅም አንገትም አይደለም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለሳይንስ ክበብ መምህራንና ልጆቻቸው በጥያቄ ለሚያፋጥጧቸው ወላጆች ነው። ሙዚየም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በግ፣ ዶሮና ዓሣ ሲሆን ሦስቱም እዚሁ ጣና ዳር አሉ። ከመጀመሪያው የምትይዙት ደንብ አንድ ብቻ ነው፦ አጥንት ይቅደም፣ መልክ ይከተል። ውኃ ውስጥ የገባ እንስሳ፣ ዘሩ ምንም ይሁን ምን፣ እየቆየ መልኩ ከሌላው ዋናተኛ ጋር ይመሳሰላል። መልክ የሚናገረው ኑሮውን ነው፤ ዘሩን የሚናገረው መገጣጠሚያውና ቀዳዳው ነው። ከታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ኢትዮጵያዊ የሆነውን ቦታው ላይ እናገራለሁ።

1. አጥንቱን ማዘጋጀት

ጊዜ ምረጡ። በሁዳዴ የበግ ጭንቅላት ፍለጋ መውጣት ድካም ነው፤ የፋሲካ ሰሞን ግን ጎረቤት ሁሉ ይሰጣችኋል። ዶሮዋም ያኔ አለች። ከዶሮዋ የምትፈልጉት ወገቧን፣ ማለትም ሁለቱ ታፋዎች የሚገጥሙበትን አጥንት ነው። ብልት ሲወጣ ይህ አጥንት ብዙ ጊዜ ስለሚሰበር፣ ብልት የሚያወጣውን ሰው ቀድማችሁ ለምኑት፦ ታፋውን ከመጋጠሚያው በቢላ ጫፍ ይለይ፣ ወገቡን ግን አይሰንጥቅ። ወገቡ ወጥ ውስጥ ቢገባም ግድ የለም፤ ከተበላ በኋላ አጥንቱ በደንብ ይታጠባል። ዓሣውን ከሐይቁ ዳር ሻጮች ስትገዙ ፊሌቶ ሳይሆን ሙሉውን፣ ከነጭራውና ከነጭንቅላቱ ውሰዱ። ቆሮሶ ይበቃል፤ ነጭ ዓሣ ከተገኘ ግን ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱን ቁጥር 6 ላይ ታገኙታላችሁ።

የበጉን ጭንቅላት አስገፍፉና በትልቅ ድስት በለስላሳ እሳት ቀቅሉት። እንዲንተከተክ አትፍቀዱ፤ ኃይለኛ ፍላት ስስ አጥንቶቹን ይለያያል፣ ጥርሶቹንም ያወልቃል። ሥጋው ሲላላ በማንኪያ ጀርባና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አንሱት። ናላውን ከኋላ ባለው ትልቅ ቀዳዳ በታጠፈ ሽቦ እየቆፈራችሁ በውኃ እጠቡት። ከዚያ ለብ ባለ ውኃና በትንሽ የልብስ ሳሙና ዱቄት ነክራችሁ፣ ስቡ እስኪለቅ ድረስ ውኃውን እየለወጣችሁ አቆዩት። በረኪና አታስጠጉት፤ አጥንቱን ይበላውና ቆይቶ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ንጣት የሚያምራችሁ ከሆነ ፋርማሲ የሚሸጠውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ በጓንት ቀቡት። ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ የቀትር ፀሐይ ያሰነጥቀዋል። ሽታው ደስ ስለማይል ሥራውን ከቤት ራቅ አድርጉት።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ። ሜዳ ላይ ወድቆ ያገኛችሁትን የከብት አጥንት ለዚህ ሥራ አታምጡ። አባሰንጋ በአገራችን ያለ በሽታ ነው፤ ተህዋሱም አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ለምግብ ከታረደ ጤነኛ እንስሳ የተገኘ አጥንት ብቻ ተጠቀሙ።

2. ከዓይን ጀርባ ያለውን ቀዳዳ ቁጠሩ

የደረቀውን የበግ ራስ ቅል በጎኑ ያዙት። ዓይኑ የነበረበት ጉድጓድ ዙሪያውን በአጥንት ተከቧል። ከእሱ ኋላ፣ በጉንጩ የአጥንት ቅስትና ናላውን በሚይዘው አጥንት መካከል ሌላ ክፍተት አለ፤ ጣታችሁን ከላይ ወደ ታች ብትሰዱት ያልፋል። መንጋጋን የሚዘጋው ጡንቻ መንገዱ ይህ ነው። አሁን ሌላውን እጃችሁን በራሳችሁ ዓይንና ጆሮ መካከል አሳርፉና ጥርሳችሁን ግጠሙ። ከጣታችሁ ሥር ሲነሣ የሚሰማችሁ ያው ጡንቻ ነው። ልጆች ይህን ሲያደርጉ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ዝም ይላል፤ ሁሉም የራሱን ጭንቅላት እየዳሰሰ ነዋ።

በየጎኑ አንድ ቀዳዳ ያለው ወገን ሲናፕሲድ ይባላል። በግ፣ ሰው፣ ጉማሬና ዲሜትሮዶን እዚህ ናቸው። ዲሜትሮዶን የኖረው ከ295 እስከ 272 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዳይኖሰሮች ሲመጡ እሱ ከጠፋ 40 ሚሊዮን ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ሥዕል ላይ ሲጣሉ ካያችሁ ሥዕሉን በፈገግታ እለፉት።

በየጎኑ ሁለት ቀዳዳ፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች፣ ያለው ወገን ዳያፕሲድ ነው። የአዞ ራስ ቅል ፎቶ ፈልጉ፤ ሁለቱም ጥርት ብለው ይታያሉ። ዳይኖሰሮችም ሁለት ሁለት ነበራቸው። ኒው ዚላንድ ውስጥ ብቻ የሚኖረው ቱዋታራም እንደዚሁ ነው፤ እንሽላሊት ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ከዳይኖሰር ዘመን የነበረ ትልቅ ወገን የመጨረሻ ተራፊ ነው።

ዶሮን፣ እባብንና እንሽላሊትን ለዚህ ፈተና አትጠቀሙባቸው። በዘር ዳያፕሲድ ቢሆኑም በቀዳዳዎቹ መካከል የነበሩት የአጥንት ድልድዮች በየዘመኑ ስለጠፉባቸው ቆጠራው ይደናገራል። ኤሊ ደግሞ ጭራሽ ቀዳዳ የላትም። በዚህ ምክንያት ባለሙያዎች ለብዙ ጊዜ ከተሳቢዎች ሁሉ ጥንታዊት እያሉ ለብቻዋ ሲያስቀምጧት ኖረዋል፤ የዘረመል ጥናቶች ግን ወደ አዞና ወደ ወፍ ወገን አስጠግተዋታል። በ2008 ከደቡብ ምዕራብ ቻይና ይፋ የሆነችው ኦዶንቶኬሊስ 220 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት፤ የሆዷ ጋሻ ሙሉ ነው፣ የጀርባዋ ገና አልተሟላም፣ አፏም ውስጥ ጥርስ አለ። ቀዳዳ መቁጠር የመጀመሪያ ጥያቄ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

3. ዳሌውን ፈትሹ

የዶሮዋን ወገብ አጥንት ወደ ብርሃን ያዙት። የታፋው አጥንት ራስ የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ በጎኑ አለ። ስስ ሽፋን ከቀረበት በጥርስ መጎርጎሪያ ነካ አድርጉት፤ ስንጥሩ ወዲያ ማዶ ይወጣል። ጉድጓድ ሳይሆን ቀዳዳ ነው። የበግ ዳሌ ካገኛችሁ አጠገቡ አስቀምጡት፤ የእሱ ግድግዳው ድፍን ነው። የአርጃኖም ድፍን ነው።

ይህ ክፍት ዳሌ ዳይኖሰሮችን ከሚለዩት ምልክቶች አንዱ ነው። እግራቸው ወደ ጎን ሳይንፈራጠጥ ከሰውነታቸው ሥር ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር፤ ዳሌያቸውም የተሠራው ለዚያ ነው። እንግሊዛዊው የእንስሳት አካል ተመራማሪ ሪቻርድ ኦወን በ1842 ዳይኖሰር የሚለውን ስም ሲያወጣ ከያዛቸው ነገሮች መካከል የእግራቸው አቋም ይገኝበታል። ዶሮዋ ይህ ምልክት ያላት ከዳይኖሰር ስለወረደች ነው፤ በዛሬው አመዳደብ ዶሮ ራሷ ዳይኖሰር ናት። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ከዚያ ስንጥሯን ደግመው ያስገባሉ።

ሆኖም በአንድ ምልክት ተማምኖ ፍርድ መስጠት ያሳስታል። በ1947ና በ1948 ከአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ የተቆፈሩ የድንጋይ ቋጥኞች ኒው ዮርክ ሙዚየም ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሳይከፈቱ ተቀመጡ። ሲከፈቱ በሁለት እግሩ የሚሮጥ፣ ጥርስ አልባ፣ ዓይነ ትልቅ እንስሳ ተገኘ፤ ሰጎን መሰል ከሆኑት ዳይኖሰሮች ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ግን የአዞ ወገን ነው። በ2006 ኤፊጂያ ተብሎ ተሰየመና ከአዞ ዘመዶች ጋር ተመደበ። ለሥራችሁ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ዳሌ ካያችሁ በኋላ ወደ ቁርጭምጭሚት ውረዱ። በዳይኖሰርና በወፍ ቁርጭምጭሚቱ እንደ ማጠፊያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ይታጠፋል፤ በአዞ ወገን ግን ከሁለቱ የቁርጭምጭሚት አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ ይዞራል።

4. ውኃ ውስጥ ከሆነ ጭራውን፣ አፍንጫውንና ልባሱን እዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ሥሩት። ሙሉውን ዓሣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኙና ጭራውን በጣታችሁ ግራና ቀኝ አወዛውዙት፤ በቀላሉ ይሄዳል። ወደ ላይና ወደ ታች ሞክሩት፤ እምቢ ይላል። የዓሣ ጭራ የቆመ ነው፣ የሚገፋውም በጎን ነው። አጥቢ እንስሳ ሲሮጥ ግን ወገቡ የሚታጠፈው ወደ ላይና ወደ ታች ነው፤ ስለዚህ ባሕር የገቡት አጥቢዎች፣ ዶልፊንና ዓሣ ነባሪ፣ ጭራቸው የተኛ ነው።

አሁን ኢክትዮሶር የሚባለውን ሥዕል አውጡ። የዶልፊን ቅርጽ፣ ረጅም አፍ፣ ግዙፍ ዓይን አለው፤ ጭራው ግን የቆመ ነው። ዶልፊን አይደለም። ስንጥብ ስለሌለው ዓሣም አይደለም፤ በሳንባው ይተነፍስ ነበር። ከየብስ ወደ ባሕር የተመለሰ ተሳቢ ነው፤ እንቁላል ለመጣል ወደ ዳር እንደማይወጣና ልጆቹን በቁማቸው እንደሚወልድ በሆዳቸው ፅንስ ይዘው የተገኙ ቅሪቶች አሳይተዋል። ሻርክ አጠገቡ ካስቀመጣችሁ ሌላ መለያ አለ፦ የሻርክ አከርካሪ ጭራው ላይ ሲደርስ ወደ ላይኛው ቅጠል ይገባል፣ የኢክትዮሶር ወደ ታችኛው። እንግሊዛዊቷ ሜሪ አኒንግና ወንድሟ ላይም ሪጂስ የተባለ የባሕር ዳርቻ ላይ በ1811 እና በ1812 ያወጡት አጽም ለሳይንቲስቶች ብዙ ጭቅጭቅ አመጣ፤ አንዳንዱ አዞ አለው፣ አንዳንዱ ዓሣ።

ሁለተኛው ሞሳሶር ነው፤ ለእኛ ሰፈር በጣም የሚቀርበውም እሱ ነው። ወደ ዘጌ በሚወስደው የሐይቅ ዳር፣ በደንገሉ መሐል፣ ጠዋት ፀሐይ የሚሞቅ አርጃኖ አይታጣም፤ አዞ ያየ መስሎት የሚደነግጥ እንግዳም አይታጣም። ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉና ጠብቁት። ምላሱን ያወጣል፣ ጫፉ መንታ ነው። ውኃ ሲገባ አራቱን እግሮቹን ወደ ሰውነቱ ይለጥፍና በጭራው ብቻ ግራ ቀኝ እየገፋ ይሄዳል። አትያዙት፣ ድንጋይም አትወርውሩበት፤ ንክሻው መጥፎ ነው፣ በጭራውም ይገርፋል። የምትፈልጉት እይታውን ብቻ ነው።

ሞሳሶር ይህ አካሄድ ባሕር ውስጥ ከ10 ሜትር በላይ ሲያድግ የሚሆነው ነው፤ እግሮቹ መቅዘፊያ ሆነው ጭራው ክንፍ አብቅሏል። ሆላንድ ውስጥ ማስትሪክት ከተባለች ከተማ የኖራ ጉድጓድ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲወጣ መጀመሪያ አዞ ተባለ። ሆላንዳዊው ሐኪም ፔትሩስ ካምፐር ዓሣ ነባሪ ነው አለ። ልጁ አድሪያን ካምፐር በ1799 አባቱን ተቃውሞ ከአርጃኖ ወገን መሆኑን ጻፈ፤ ፈረንሳዊው ዦርዥ ኩቪየም በ1808 ደገፈው። በመሐሉ የፈረንሳይ ጦር በ1794 ከተማዋን ሲይዝ ራስ ቅሉን ወደ ፓሪስ ወስዶታል። ልጁ ያሸነፈው በመንጋጋው፣ በጥርሱና በላንቃው አጥንት ነው፤ የሞሳሶር ላንቃ ላይ እንደ እባብ ተጨማሪ ጥርስ አለ። ስለዚህ ሞሳሶርን ከእባብ፣ ከእስስትና ከአርጃኖ ጋር አስቀምጡት። ከዳይኖሰር ጋር የሚያገናኘው ነገር ቢኖር ሁለቱም 66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአንድ ሰሞን መጥፋታቸው ነው።

ሦስተኛው ፋይቶሶር ነው። አዞ ነው ብላችሁ ትምላላችሁ፤ አፉ ረጅም፣ ጀርባው በአጥንት ሳንቃ የተሸፈነ፣ እግሩ አጭር ነው። አፍንጫውን ብቻ ፈልጉ። የአዞ የአፍንጫ ቀዳዳ አፉ ጫፍ ላይ ነው፤ የፋይቶሶር ወደ ኋላ ሸሽቶ ዓይኑ ሥር ደርሷል። ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊት አልቀዋል፤ የዛሬዎቹ አዞዎች ከእነሱ አልወረዱም፤ ወንዝ ዳር አድፍጦ ማደንን ሁለቱ ለየብቻ ነው የደረሱበት።

ሄኖደስ ደግሞ ኤሊ የምትመስለው ናት፤ ጀርመን ውስጥ የተገኘች፣ ሰፊና ጠፍጣፋ። እዚህ የሚለየው ልባሱ ነው። የኤሊ የጀርባ ጋሻ የተሠራው በዋናነት ከሰፉ ጎድኖቿና ከአከርካሪዋ ነው፤ ለዚህም ነው ኤሊ ከጋሻዋ ልትወጣ የማትችለው። የሄኖደስ ግን ቆዳዋ ውስጥ ከበቀሉ እጅግ ብዙ ትናንሽ አጥንቶች የተገጣጠመ ነው። ፕላኮዶንት ከሚባለው ወገን ናት፤ ባለ ረጅም አንገቱ ፕሌሲዮሶር የቅርብ ዘመዷ ነው። ከኤሊ ጋር አንድ ገጽ ላይ አትለጥፏት።

5. ክንፍ ካለው ጣቱን ቁጠሩ

ይህ አጭር ነው። የዶሮ ክንፍ ውስጥ ጣቶቹ ተጋጥመው አጥረዋል፤ የሚሸከመው ላባ ነው። የሌሊት ወፍ ከአውራ ጣቱ በቀር ሌሎቹን ሁሉ ዘርግቶ በመካከላቸው ቆዳ ወጥሯል። ፕቴሮሶር ግን ክንፉን የዘረጋው በአንዲት እጅግ በረዘመች አራተኛ ጣት ላይ ነው። በ1971 ቴክሳስ ውስጥ የተገኘው ኬትሳልኮአትለስ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 10 ሜትር ያህል ነበር። ፕቴሮሶሮች የዳይኖሰር የአጎት ልጆች ናቸው እንጂ ዳይኖሰር አይደሉም፤ ወፎችም ከእነሱ አልወጡም።

ኪርጊዝስታን ውስጥ የተገኘው ሻሮቪፕቴሪክስ ደግሞ ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ ሆኖ የመንሸራተቻ ቆዳውን የወጠረው በኋላ እግሮቹ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ የማልጠግበው ግን የታኒስትሮፊየስ ጉዳይ ነው። በ1886 ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ባሳኒ ቀጫጭንና ረጃጅም አጥንቶች አግኝቶ የፕቴሮሶር የክንፍ ጣት ናቸው ብሎ አሰበ። በኋላ በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር፣ ሞንቴ ሳን ጆርጆ ተራራ ላይ፣ ሙሉ አጽም ሲወጣ ጣት የተባሉት የአንገት አጥንቶች ሆነው ተገኙ። እንስሳው እስከ 6 ሜትር ይደርሳል፣ ግማሹ አንገት ነው። የሚገርመው አጥንቶቹ 13 ብቻ መሆናቸው ነው፤ አንገቱ የረዘመው እያንዳንዱ አጥንት ስለተሳበ እንጂ ቁጥሩ በጣም ስለበዛ አይደለም። የበጋችሁን አንገት አጥንት ቁጠሩ፤ 7 ነው። የሰውም የቀጭኔም 7 ነው።

6. ወደ ዛፉ ከመግባታችሁ በፊት በነጭ ዓሣ ተለማመዱ

አንዳንድ መምህር ይህን ይዘለዋል። አትዝለሉት፤ ምደባ ማለት ክርክር መሆኑን እንደ ጣና የሚያስተምር የለም። ነጭ ዓሣ የምንለው ሳይንስ ላቢዮባርበስ በሚለው ስም የሚያውቀው ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ወደዚህ መጥቶ በርካታ ዝርያዎች ብሎ መዘገባቸው። በ1970ዎቹ ሌላ ተመራማሪ አብዛኞቹን አንድ ተለዋዋጭ ዝርያ አድርጎ ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ የሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አካላቸውን ለክተው፣ የሚበሉትንና የሚኖሩበትን አይተው እንደገና ለያዩአቸው። ዛሬ በጣና ብቻ 15 ያህል ዝርያዎች ይቆጠራሉ፤ ከግማሽ የሚበልጡት ሌላ ዓሣ ይበላሉ፣ መንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ ሳይኖር። ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ተለይተው ስለቀሩ ይህ ሁሉ የሆነው እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ሁለት ሦስት ነጭ ዓሣ ጎን ለጎን አስተኙ። የእያንዳንዱን ጠቅላላ ርዝመትና የጭንቅላቱን ርዝመት በማስመሪያ ለኩ፤ የጭንቅላቱን ለጠቅላላው አካፍሉ። የሚነጻጸረው ይህ ድርሻ ነው፤ ትልቅና ትንሽ ዓሣን በሴንቲሜትር ብቻ ማወዳደር ዋጋ የለውም። ከዚያ አፉን እዩ፦ ወደ ታች ነው የሚከፈተው፣ ወደ ፊት ወይስ ወደ ላይ? ከንፈሩ ወፍራም ነው? ወፍራም ከንፈር ያለው ነጅያ፣ አፈ ሰፊው ሜጋስቶማ፣ አፍንጫው የሾለው አኩቲሮስትሪስ ይባላል። ልጆቹ በሁለት ቡድን ተከፍለው አንዱ «አንድ ዝርያ ናቸው» ሌላው «የተለያዩ ናቸው» እያሉ በቁጥር ይከራከሩ። ዓሣው ሳይሸት ጨርሱ፤ ከዚያ ጥብስ ይሆናል።

7. ዛፉን በክር ሥሩ

ትልቅ ካርቶን፣ ክርና ስፒል ያዙ። ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ ካርድ ይኑረው፤ በላዩ ስሙ፣ የኖረበት ዘመን፣ የተገኘበት አገርና ያያችሁት ምልክት ይጻፍ። አገሩን አትዝለሉ። ሜሶሶረስ የምትባል 1 ሜትር ገደማ የሆነች የውኃ ተሳቢ በብራዚልና በደቡባዊ አፍሪካ መገኘቷ፣ ሁለቱ አህጉሮች አንድ ጊዜ ተያይዘው እንደነበር ጀርመናዊው ሳይንቲስት አልፍሬድ ቬገነር ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል።

ከታች አንድ ቋጠሮ ሥሩ፤ ፅንሱ በሽፋን ተጠቅልሎ የሚያድግ የአራት እግር እንስሳት ሁሉ አያት ነው። ከእሱ አንዱ ክር ወደ ዲሜትሮዶን፣ በግና ሰው ይሂድ። ሌላው ወደ ተሳቢዎቹ ሲወጣ ሜሶሶረስ ቀድማ ትገንጠል። ቀጥሎ ኢክትዮሶር። ከዚያ ክሩ ለሁለት ይከፈል፦ በአንዱ ቱዋታራ፣ እስስት፣ አርጃኖ፣ ሞሳሶርና እባብ ይሰቀሉ፤ ከእባቦች ኮሎምቢያ ውስጥ የተገኘችውን፣ በ2009 ይፋ የሆነችውን 13 ሜትር ገደማ የምትረዝመውን ቲታኖቦአን አትርሱ፤ ልጆች ስለ ዘንዶ ሲያወሩ ትጠቅማለች። በሌላው ታኒስትሮፊየስ ቀድሞ ይውጣ፣ ከዚያ የአዞ ክርና የወፍ ክር ይለያዩ። ኤፊጂያ ከአዞ ጋር፤ ፕቴሮሶር፣ ዳይኖሰርና ዶሮ ከወፍ ጋር።

የሚያከራክሩትን በእርሳስ ጻፉ፣ በስፒልም ላላ አድርጋችሁ ስቀሏቸው፦ ኤሊ፣ ፋይቶሶር፣ ሄኖደስና ዘመዶቿ። አቶፖደንታተስንም ጨምሩ። ከቻይና ዩናን በ2014 ሲገለጽ አፉ ፊት ለፊት ቁልቁል ተሰንጥቆ ጥርሱ እንደ ዚፕ የተደረደረ ተደርጎ ተሳለ። በ2016 ሌሎች የራስ ቅሎች ሲገኙ አፉ በእርግጥ እንደ መዶሻ ወደ ጎን የሰፋ፣ የባሕር እጽዋት የሚልግ መሆኑ ታየ። የድሮው ሥዕል አሁንም በቴሌግራም ይዞራል።

ልጆቹ እዚህ ላይ ስለ ፈተና ይጠይቃሉ። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ባለ አከርካሪዎችን ዓሣ፣ እንቁራሪት አስተኔ፣ ገበሎ አስተኔ፣ አዕዋፍና አጥቢ ብሎ ይከፍላል፤ ሥሩ ካርል ሊኔየስ በ1758 ካሳተመው አመዳደብ ይመዘዛል። በጀርመናዊው ቪሊ ሄኒግ ከ1950 ወዲህ የተስፋፋው ዘዴ ግን አንድ ወገን ተብሎ የሚጠራው አያቱንና ተወላጆቹን በሙሉ ሲይዝ ብቻ ነው ይላል፤ በዚህ ስሌት አዞ ከእንሽላሊት ይልቅ ለዶሮ ስለሚቀርብ ወፎችን አውጥቶ ገበሎ አስተኔ ማለት አይቻልም። ፈተና ላይ የመጽሐፉን መልሱ፣ ካርቶኑ ላይ ክሩን ተከተሉ በሏቸው። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ተማሪ አይጎዳም።

8. ድንጋይ ውስጥ አጥንት የመሰለ ነገር ብታዩ

ልጆቹ ከዚህ በኋላ ድንጋይ መገልበጥ መጀመራቸው አይቀርም። የባሕር ዳር ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ባዛልት ስለሆነ ዳይኖሰር አትፈልጉበት። የአምባውን ዋና ባዛልት ያፈሰሰው እሳተ ገሞራ የፈነዳው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ዳይኖሰሮች ያኔ ካለቁ ሌላ 36 ሚሊዮን ዓመት አልፏቸዋል። ከጣና ሰሜን ምዕራብ፣ ጭልጋ ላይ፣ በዚያ ባዛልት መሐል ባለ ደለል ውስጥ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የአጥቢ ቅሪቶች ተገኝተዋል፤ አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንድ ያለው አርሲኖይቴሪየምና በ2004 በቦታው ስም የተሰየመው የዝሆን ዘመድ ጭልጋቴሪየም ይገኙበታል። የተሳቢዎቹ ዘመን ድንጋይ ያለው ዓባይ ቆርጦ ባወረደው ሸለቆ ውስጥ ነው። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ከደጀን ቁልቁል መስኮቱን ተመልከቱ፦ ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ከሥሩ አሸዋ ድንጋይና ኖራ ድንጋይ። የዓባይ ገባሮች በሆኑት በሙገርና በጀማ ሸለቆዎች 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሆነው የጭቃ ድንጋይ የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርስ፣ የአዞ ዘመዶችና የኤሊ ቅሪቶች ወጥተዋል።

አንድ ነገር ካያችሁ አታንሱት፤ አትቆፍሩትም። ቅሪተ አካል በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ መቆፈርም መሸጥም ያስጠይቃል። ከሳይንስም አንጻር ከቦታው የተነሣ አጥንት ዘመኑን የሚናገረውን የድንጋይ ንብርብር አጥቷል። አጠገቡ ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ ለመጠን አኑሩና ከቅርብም ከሩቅም ፎቶ አንሱ፤ የስልካችሁን የቦታ ምልክት መዝግቡ፣ ንብርብሩን በአንድ ሁለት መስመር ግለጹት። ከዚያ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቅጂውንም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ላኩ። በደብዳቤው ላይ «ዳይኖሰር አገኘን» ብላችሁ አትጻፉ፤ ያያችሁትን ጻፉ፦ ስንት ሴንቲሜትር ነው፣ ቀዳዳ አለው ወይ፣ ጥርስ ይታያል ወይ።